የሞገድ ማሽኖች የሚፈተኑበት ውሃ

ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ክብ ገንዳ አለ። ከዳር እስከ ዳር 25 ሜትር ይሰፋል፤ ውሃው 2 ሜትር ይጠልቃል። ዙሪያውን 168 መቅዘፊያዎች ከበውታል። ሁሉም እኩል ሲገፉ ቀለበት የሠራ ሞገድ ከዳር ተነሥቶ፣ እየጠበበ ወደ መሐል ይገሰግሳል። መሐል ላይ ሲገናኝ መሄጃ ያጣው ውሃ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወነጨፋል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። መቅዘፊያዎቹ የሚመለሰውን ሞገድ ስለሚውጡት ገንዳው ወዲያው ይረጋል። ተራ ገንዳ ቢሆን ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ልኬቱን ሁሉ ያበላሸው ነበር።

ፍሎዌቭ የሚባለው ይህ ገንዳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ሶልተር ጉንፋን ይዟቸው በተኙበት፣ ከባሕር ሞገድ ኤሌክትሪክ ስለ ማውጣት ማሰብ ጀመሩ። በዓመቱም «ዳክዬ» በሚል ስም የታወቀውን ማሽናቸውን ይፋ አደረጉ። ሞገድ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን የሚነቀንቅ ተንሳፋፊ ነው። በገንዳ ሲሞከር የሞገዱን አብዛኛውን ጉልበት ተቀብሎ፣ ከኋላው የረጋ ውሃ ይተው ነበር። ይሁንና በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ባሕር ለመግባት አልበቃም።

ከገንዳ ወደ ባሕር ያለው መንገድ ከሚታሰበው በላይ ረጅም ነው። ከእውነተኛው ማሽን መቶ ጊዜ ያነሰ ሞዴል ሲሠራ፣ ባሕር ላይ 10 ሰከንድ የሚፈጀው ሞገድ ገንዳው ውስጥ 1 ሰከንድ ይሆናል። ኃይሉ ግን የሚያንሰው 10 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ትልቁ ማሽን 1 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ ሞዴሉ የሚሰጠው 0.1 ዋት ብቻ ነው። በዚህ መጠን የአንዲት መጋጠሚያ ሰበቃ እንኳ ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሞዴሉን ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ ደጋግመው ይለካሉ።

ባሕሩ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። 3 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በየ8 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋቱ 36 ኪሎ ዋት ገደማ ይዟል። ማዕበል ተነሥቶ ከፍታው 15 ሜትር፣ ድግግሞሹም በየ15 ሰከንዱ ሲሆን ኃይሉ ወደ 1,700 ኪሎ ዋት ያሻቅባል። ገቢ የሚያስገኘው ያ የዘወትሩ ሞገድ ነው፤ ብረቱ ግን ይህን ማዕበል እንዲችል ተደርጎ መሠራት አለበት። ሞገድ ከነፋስና ከፀሐይ ኃይል ወደኋላ የቀረበት ዋናው ምክንያት በእኔ እምነት ይህ ነው።

ይህን ፈተና ለመጋፈጥ የሚፈልግ ወደ ኦርክኒ ደሴቶች ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የአውሮፓ የባሕር ኢነርጂ ማዕከል ከስትሮምነስ ከተማ አቅራቢያ፣ ቢሊያ ክሩ በሚባል ስፍራ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶችን ከባሕሩ በታች ዘርግቷል። ማሽን ሠሪው የራሱን ገመድ መዘርጋት ሳይጠበቅበት ማሽኑን ጎትቶ ያመጣል፣ መልሕቅ ያስይዛል፣ ከተዘጋጀው ገመድ ጋር ያገናኛል። ፔላሚስ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚህ ተሞከረ። በባሕር እባብ ስም የተሰየመው ይህ ማሽን 120 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በመጋጠሚያዎች የተያያዘ ቀይ ቧንቧ ነበር። ሞገድ ሲያልፍበት አካሉ ይታጠፋል፤ በየመጋጠሚያው ያሉት ፒስተኖች ዘይት ይገፋሉ፤ ዘይቱም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ጫፉን ወደ ሞገዱ አዙሮ ስለሚተኛ ትልልቁን ሞገድ ሰንጥቆ ያልፋል። 750 ኪሎ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ብሪታንያ የኃይል መረብ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት ፔላሚሶች ፖርቱጋል፣ አጉሳዱራ ከሚባለው ዳርቻ ፊት ለፊት ቆሙ። የመጋጠሚያዎቹ ችግርና የዓለም የገንዘብ ቀውስ ተደራርበው በወራት ውስጥ ከባሕር ወጡ። ኩባንያውም በ2014 ከሰረ። ያን ሁሉ ዓመት የተለካው፣ የተሰበረውና የተጠገነው ሁሉ አብሮ ቢቀበር ኖሮ ከማሽኖቹ መውጣት የከፋ ኪሳራ በሆነ ነበር። ደግነቱ በስኮትላንድ መንግሥት የተቋቋመ ድርጅት ዕውቀቱን ተረከበ።

እዚያው አጉሳዱራ አሁን ሌላ ማሽን ተሞክሯል። የስዊድኑ ኮርፓወር ተንሳፋፊ የተነሣው የልብ አመታትን ካጠኑ ሐኪም ሐሳብ ነው። በዘወትሩ ሞገድ ከውሃው እንቅስቃሴ ጋር እየተናበበ ከፍና ዝቅታውን ያበዛዋል፤ ማዕበል ሲበረታ ደግሞ መናበቡን ትቶ ሞገዱን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በተነሣው ማዕበል እስከ 18.5 ሜትር የደረሱ ሞገዶች አለፉበት። ማሽኑ ከመልሕቁ ሳይላቀቅ እዚያው ተንሳፎ ቆየ።