ዓሣ የማይያዝበት የዓሣ አጥማጆች ፈተና

ለመሆኑ ዓሣ ለማጥመድ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ? መንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ ወደ ውኃው መጣልና በትዕግሥት መጠበቅ አይደለም ወይ? ለብዙዎቹ የአጠማመድ ዓይነቶች መልሱ ‹‹ከዚያ ብዙም አይርቅም›› ሊሆን ይችላል፡፡ በእንግሊዝኛ ‹‹ፍላይ ፊሺንግ›› የሚባለው፣ ዝንብ በሚመስል ማባበያ የሚደረገው አጠማመድ ግን የተለየ ነው፡፡ እዚህ ላይ ውርወራው ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ፣ መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው ፍላይ ፊሸርስ ኢንተርናሽናል የተባለው ማኅበር ውርወራን የሚያስተምሩ ሰዎችን ፈትኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፡፡ የተግባር ፈተናው አብዛኛው ክፍል በሣር ሜዳ ላይ ሊሰጥ ይችላል፡፡ መንጠቆ የለም፤ በምትኩ ክሩ ጫፍ ላይ ቁራጭ ሱፍ ይታሰራል፡፡ ዓሣም የለም፡፡

ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው

በተለመደው አጠማመድ በክሩ ጫፍ የሚታሰረው እርሳስ ሲወረወር ክሩን ጎትቶ ይሄዳል፡፡ በፍላይ አጠማመድ ግን ማባበያው ከላባና ከፀጉር ስለሚሠራ እጅግ ቀላል ነው፤ እንደ ድንጋይ ሊወረወር አይችልም፡፡ ስለዚህ ክብደቱ የተሰጠው ለክሩ ነው፡፡ ክሮቹ በቁጥር የሚለዩትም በዚሁ ነው፡፡ ለምሳሌ በብዛት የሚታወቀው ባለ 5 ቁጥር ክር፣ የመጀመሪያው 30 ጫማ (9 ሜትር ገደማ) 140 ግሬይን ወይም 9 ግራም ያህል ይመዝናል፡፡

ወርዋሪው ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ ድንገት ያቆመዋል፡፡ ክሩ ከኋላው እስኪዘረጋ ይጠብቃል፡፡ ከዚያም ወደ ፊት እያፈጠነ ያመጣውና እንደገና ያቆመዋል፡፡ ዘንጉ ሲቆም ክሩ ጫፉን አልፎ በአየር ላይ ይታጠፋል፤ ይህ ዕጥፋት ‹‹ሉፕ›› ይባላል፡፡ የዘንጉ ጫፍ በቀጥተኛ መስመር ከተጓዘ ሉፑ ጠባብ ይሆንና ነፋስ ሰንጥቆ ይሄዳል፡፡ ጫፉ እንደ ቀስተ ደመና ከጎበጠ ሉፑ ይሰፋል፣ ጉልበቱም ይባክናል፡፡ በተቃራኒው ጫፉ በጉዞው መሐል ዝቅ ብሎ ከተነሳ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር ይሻገርና ይተበተባል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውንና ብራድ ፒት የተወነበትን ‹‹ኤ ሪቨር ረንስ ስሩ ኢት›› የተሰኘ ፊልም ያየ አንባቢ፣ አባትየው ልጆቹን በሜትሮኖም ምት ሲያሠለጥን ያስታውስ ይሆናል፡፡ ዘንጉ በሰዓት ገጽ ላይ ከቁጥር 10 እስከ ቁጥር 2 ባለው መካከል መመላለስ ነበረበት፡፡ ይህ ዘዴ ለአጭር ክር ይሠራል፡፡ ክሩ ሲረዝም ግን የእጅ እንቅስቃሴውም መስፋት፣ የመጠበቂያው ጊዜም መርዘም አለበት፡፡ ‹‹10 እና 2›› ብቻ ተብሎ የተማረ ሰው ራቅ አድርጎ ለመወርወር ሲሞክር የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የምስክር ወረቀቱ አመጣጥ

ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የውርወራ አስተማሪዎችን ፈትኖ ማስመረቅ የጀመረው ደግሞ በ1992 ነው፡፡ ለመርሐ ግብሩ መጀመር ትልቁን ድርሻ የተወጡት በ2008 ያረፉት ታዋቂው አሠልጣኝ ሜል ክሪገር ናቸው፡፡ በአሁኑ ወቅት ሦስት ዋና ዋና የብቃት ማረጋገጫዎች አሉ፡፡ የመጀመሪያው የአስተማሪነት፣ ሁለተኛው የማስተርነት ሲሆን፣ ሦስተኛው በሁለት እጅ የሚያዙ ረጃጅም ዘንጎችን ለሚያስተምሩ የሚሰጥ ነው፡፡

አመልካቹ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ይቀርብለታል፡፡ በተግባሩ ጠባብና ሰፊ ሉፕ እያፈራረቀ ያሳያል፣ ዒላማ ይመታል፣ ክሩን ወደ ኋላ ሳይወረውር ከውኃው ላይ አንከባልሎ ይልካል፡፡ የርቀት ውርወራም አለ፡፡ ለአስተማሪነት ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው መለኪያ 75 ጫማ (23 ሜትር ገደማ) ነው፡፡ ይህ ለውድድር ሰዎች ብዙ አይደለም፡፡ በ1951 ወንዶች ብቻ በተሰለፉበት የርቀት ውድድር ገብተው ያሸነፉት አሜሪካዊቷ ጆአን ውልፍ፣ በ1960 እስከ 161 ጫማ (49 ሜትር ገደማ) ወርውረዋል፡፡ እንግዲህ የፈተናው ክብደት ርቀቱ ላይ አይደለም ማለት ነው፡፡

ብዙ ጎበዝ ወርዋሪዎችን የሚያስቸግረው ሌላው ክፍል ነው፡፡ ፈታኙ ‹‹ክሩ የሚተበተብበትን ስህተት ሆን ብለህ አሳየኝ፤ ከዚያ ለምን እንደተፈጠረ አስረዳኝና አርመው›› ይላል፡፡ ዕድሜ ልኩን በትክክል ሲወረውር የኖረ ሰው ስህተቱን በፈቃዱ መሥራት ያቅተዋል፡፡ እጁ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውምና!

ስድስቱ ደረጃዎች

ለዚህ ችግር አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት፣ ብሩስ ሪቻርድስ የተባሉ ባለሙያ ያዘጋጁት ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ አለ፡፡ ሦስቱ ደረጃዎች ችግሩን ለመመርመር ናቸው፡፡ በመጀመሪያ ክሩ ምን እንደሆነ ይታያል፡፡ ቀጥሎ ክሩን እንዲህ ያደረገው የዘንጉ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነ ይጠየቃል፡፡ በመጨረሻም ዘንጉን እንዲያ ያንቀሳቀሰው የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ይለያል፡፡ ሦስቱ የማረሚያ ደረጃዎች በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሰውነት ምን ይለውጥ፣ ዘንጉ በዚህ የተነሳ ምን ያደርጋል፣ ክሩስ ምን ይሆናል?

ነገሩ ከሕክምና ጋር ይመሳሰላል፡፡ ትኩሳት አንድ ምልክት ቢሆንም መንስዔው ብዙ ነው፡፡ የክር መተብተብም እንዲሁ ነው፡፡ አንዱ ተማሪ ጉልበቱን ድንገት ስለጨመረ፣ ሌላው ከኋላ ያለው ክር ሳይዘረጋ ክንዱን ወደ ፊት ስላስቀደመ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለረጅም ክር ጠባብ እንቅስቃሴ ስለተጠቀመ ይተበተብበታል፡፡ መንስዔውን ያልለየ አስተማሪ ለሦስቱም ‹‹ጠንከር አድርገህ ወርውር›› ይላቸዋል፡፡ ውጤቱ ምንድነው? ጉልበት የጨመረው ይብስበታል፣ ክንዱንና ትከሻውን ያመዋል፣ በመጨረሻም ‹‹እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም›› ብሎ ዘንጉን ይሰቅላል፡፡ ጥፋቱ ግን የተማሪው አልነበረም፡፡

ታዲያ ጥቅሙ ምንድነው?

በአሜሪካ ውርወራ ለማስተማር ይህን የምስክር ወረቀት መያዝ የሕግ ግዴታ አይደለም፡፡ ወረቀቱ ሥራ አያስቀጥርም፣ ከተገኘም በኋላ አባልነትን ማደስ ይጠይቃል፡፡ ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት የሚዘጋጁበት፣ ሙያው ራሱን በራሱ የሚቆጣጠርበት የፈቃደኝነት ፈተና ነው፡፡

ለእኛ ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፡፡ በባሌ ተራሮች አካባቢ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የተባለ ዓሣ ይገኛል፤ የፍላይ ዘንግ የያዙ ጎብኚዎችም ወደዚያ የሚሄዱት ለዚሁ ዓሣ ነው፡፡

ከዓሣው ይልቅ ግን ለከተማው ባለሙያ የሚጠቅመው የፈተናው አስተሳሰብ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ‹‹እሱ ጎበዝ ስለሆነ ያሠልጥነው›› ይባላል፡፡ ጎበዙ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መሐንዲስ ሥራውን በፍጥነት ሠርቶ ያሳያል፤ አዲሱ ሠራተኛ ሲሳሳት ደግሞ ‹‹እንደኔ አድርግ›› ይለዋል፡፡ እኒያ ዓሣ አጥማጆች ማወቅና ማሳወቅ ለየቅል መሆናቸውን ተገንዝበው፣ አስተማሪ ከመሆኑ በፊት የሌላውን ስህተት አይቶ ምክንያቱን መናገር የሚችል መሆኑን ይፈትኑታል፡፡ ሠልጣኝ በተሳሳተ ቁጥር ወደ አሠልጣኙም መመልከት ከዚህ ፈተና ልንወስደው የምንችለው ትምህርት ነው፡፡