ያውቁ ኖሯል? ከጄፒ እስከ ሆም አፌርስ

በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ጄፒ ጎዳና የዛሬ ሕጋዊ ስሙ ራሂማ ሙሳ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ራሂማ ሙሳ እ.ኤ.አ. በ1956 የይለፍ ወረቀትን ተቃውመው ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ የተመሙትን 20,000 ያህል ሴቶች ከመሩት አንዷ ናቸው። «ወረቀት አለህ?» ሲባል ለሚዋልበት ጎዳና የሚስማማ ስም ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት፣ ከአዋጆቻችን በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኔልሰን ማንዴላስ ወረቀት አልባ እንደነበሩ? በ1962 ያለ ፓስፖርት ከአገራቸው ወጡ። በዚያው ዓመት ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ፤ ኢትዮጵያም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጠቻቸው። አገራቸው ተመልሰው ሲያዙ ከተፈረደባቸው አምስት ዓመት ሁለቱ ያለ ጉዞ ሰነድ ስለወጡ ነው። ፍርድ ሲጠብቁ በቆዩበት የጆሃንስበርግ ኦልድ ፎርት እስር ቤት ግቢ ዛሬ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሠርቶበታል፤ የፈረሰው የእስር ቤቱ ክፍል ጡብም ለግንቡ ውሏል።

ከዚሁ ችሎት በ2021 እና በ2023 የወጡ ሁለት ፍርዶች የእኛው ልጆች ጉዳይ ናቸው። ሁለቱም አመልካቾች ያለ ፈቃድ ገብተው ከተያዙ በኋላ ጥገኝነት እንጠይቃለን ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፍርድ ቤቱ፣ ጥገኝነት ለመጠየቅ የፈለገ ሰው ዕድሉን ሳያገኝ አይባረርም አለ። ለምን በሕገ ወጥ መንገድ እንደገባና ለምን እንደዘገየ ማስረዳት ግን የራሱ ዕዳ ነው አለ።

ለስደተኛነት የሚያበቃው መስፈርት ከፊሉ አዲስ አበባ የተጻፈ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 እዚያው ተፈረመ፤ የደቡብ አፍሪካ የ1998 የስደተኞች ሕግም ትርጉሙን ወርሷል። በግል መሳደድ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ያናጋ ሁከትም ምክንያት ይሆናል።

ለሆም አፌርስ (ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) የሚቀርብ የጥገኝነት ማመልከቻ ክፍያ የለውም። ደላላው የሚቀበለው ገንዘብ ለደላላው ነው።

የጆሃንስበርጉ ክራውን ማይንስ የስደተኞች ቢሮ በ2011 ከተዘጋ ወዲህ የከተማው ሰው ፕሪቶሪያ ዴዝሞንድ ቱቱ ማዕከል ይሄዳል።

የአሳይለም ወረቀትዎ ጊዜው አልፎበታል? ይፍጠኑ፤ ተስፋ ግን አይቁረጡ። በአንድ ወር ውስጥ ያላሳደሰ ሰው ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል የሚለውን አንቀጽ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2023 ሽሮታል።

በኢሚግሬሽን ሕግ ተይዞ ክሩገርስዶርፕ ወደሚገኘው ሊንዴላ ማቆያ የሚወሰድ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ይህም የ2017 ፍርድ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። የስደተኛነት ደረጃ ያገኘ ሰው ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ 5 ዓመት ይበቃው ነበር፤ ከ2020 ወዲህ 10 ሆኗል። የሚቆጠረውም ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን ነው። ውሳኔ በመጠበቅ፣ ወረቀት በማሳደስ ያለፈው ዘመን አይታሰብም። ደረጃውን ያገኘ ሰው ፓስፖርት ላሳድስ ብሎ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊትም ጠበቃ ይጠይቅ፤ የሸሹትን መንግሥት ጥበቃ በፈቃድ መልሶ መሻት ደረጃውን ሊያስነጥቅ ይችላል።

እዚህ የተወለዱ ልጆችስ? ወላጆቻቸው ቋሚ መኖሪያ ባይኖራቸውም፣ ልደታቸው ከተመዘገበና 18 ዓመት እስኪሞላቸው እዚሁ ከኖሩ ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ የልደት ምዝገባውን ለነገ አያሳድሩ።

ለራስዎ ዜግነት የሚያመለክቱ ከሆነ ደግሞ፣ ደቡብ አፍሪካ የትውልድ አገሩ ጥምር ዜግነት የማይፈቅድለትን አመልካች የቀድሞውን መተውህን አሳየኝ ትላለች። በእኛም አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የሚቀረው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያኖራል፣ ያሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አያስችልም።