ማታ ሁለት ሰዓት የሚዋጠው ኪኒን

ከኮሎምበስ ደቡብ ምሥራቅ፣ ግሮቭፖርት ውስጥ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ቤቱን የፈጠርነው እኛ ነን፤ ችግሩ ግን የእውነት ነው። አባት በሪከንባከር አየር ማረፊያ ዙሪያ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ የማታ ፈረቃ ይሠራል። እናት ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። የ13 ዓመቱ ልጃቸው ከእናቱ ኩላሊት ከተቀበለ አንድ ዓመት ሆኖታል። ይበላል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ያየው ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል።

ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ኪኒኑ በ8 እና በ8 ሰዓት ይዋጣል ይላል። እናት የጠዋቱን ሰጥታ ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጁ ከአያቱ ጋር ይውላል። አያት ወረቀቱን ያያሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት 8 ሰዓት ግን ከምሳ በኋላ ያለው ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ኪኒን ያን ጊዜ ይሰጡታል። በ12 ሰዓት ልዩነት መዋጥ የነበረበት መድኃኒት በ6 ሰዓት ልዩነት ተዋጠ ማለት ነው። እስከሚቀጥለው ጠዋት ደግሞ 18 ሰዓት ይቀራል።

ይህ ትንሽ ስህተት ይመስላል። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ምናልባት ትንሽ ነው። በየቀኑ ከሆነ ግን አይደለም። ለምን?

በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ላይ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ምልክት አለ። ሐኪሞች ኤችኤልኤ ይሉታል። ልጅ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ የእናት ኩላሊት መታወቂያ ግማሹ ለልጁ የራሱ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን እንግዳ ነው። የልጁ ሰውነት እንግዳውን ሲያይ የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል፦ ይዋጋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ቦስተን ውስጥ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ነበሩ። መታወቂያቸው አንድ ስለሆነ ውጊያ አልነበረም። እንዲህ ያለ መንታ ያለው ሰው ግን ስንት ነው?

ከመዋጊያዎቹ አንዱ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ክሊኒክ ውስጥ የምትሰሙት አንቲቦዲ የሚለውን ነው። አንቲቦዲ በደም ውስጥ ይዞራል፤ በአዲሱ ኩላሊት ትንንሽ የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትንም ይጠራል። ከዚያ ብግነት ይመጣል። ጣታችሁን ሲቆርጣችሁ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ብግነት ማለት እሱ ነው። ኩላሊት ውስጥ ሲሆን ግን ማንም አያየውም፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየቆየ የደም ሥሩን ያጠባል፤ ጠባሳም ይተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ይሳሳታሉ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ደህና ሆኖ እያለ፣ አንቲቦዲው ደም ውስጥ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ለአንቲቦዲ ብቻ ሌላ ደም ይወስዳሉ፤ ሲጠራጠሩም ከኩላሊቱ በመርፌ ቅንጣት ወስደው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። «ልጄ ደህና ነው፣ ለምን ትወጉታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከእናት ልብ የሚወጣ ነው፤ መልሱ ግን ይኸው ነው።

ኤችኤልኤን የማይነኩ አንቲቦዲዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ኩላሊት የተተከለላቸውን 65 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። አንጂዮቴንሲን የደም ሥርን የሚያጠብና የደም ግፊትን የሚጨምር ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ ያላቸው ልጆች በደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት በዝቶ ተገኝቷል፤ ኩላሊታቸውም የበለጠ ተጎድቷል።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንመለስ። አብዛኞቹ ልጆች የሚወስዱት ታክሮሊመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ፣ አፈር ላይ በሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ መድኃኒት ነው። ተዋጊዎቹን ያረጋጋል። ሲያንስ ይነቃሉ፣ አንቲቦዲም ይሠራሉ። ሲበዛ ደግሞ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለዚህ ነው ሰዓቱ የሚጠበቀው። ግሬፕፍሩት መጠኑን ስለሚያዛባ የተከለከለ ነው። ከአገር ቤት የተላከ የባህል መድኃኒትም ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም። (ጥሬ ክትፎም ይቅር፤ መከላከያው ዝቅ ላለ ልጅ አደገኛ ነው። ለብለብ እንኳ አይበቃም፣ በደንብ ይብሰል።)

የተተከለ ኩላሊት ይበልጥ የሚጠፋው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ነው። አንዱ ምክንያት የተዘለለ ኪኒን ነው። ፊት የሚያሳብጥ መድኃኒት አለ፣ ጓደኛ ፊት መዋጥ ያሳፍራል፣ መሰልቸትም አለ። በእኛ ቤት ደግሞ «ትልቅ ልጅ ነው፣ ራሱ ይወስዳል» እንላለን። እኔ ግን ቸኩለን የምንለው ይመስለኛል። የ15 ዓመት ልጅ ራሱ ይዋጥ፤ ሲውጥ ግን አንድ ሰው ይየው።

አገር ቤትም ጥንቃቄው ያው ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ኩላሊቱ የሚመጣው ከዘመድ ነው። ዘመድ ሰጠ ማለት ግን ሰውነት ያለ መድኃኒት ተቀበለ ማለት አይደለም።

አማርኛም እንግሊዝኛም የምታውቁ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክሊኒክ ውስጥ ለወላጆቻችሁ ማስተርጎም የእናንተ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ኮሎምበስ ያለው ኔሽንዋይድ ችልድረንስ ሆስፒታልም ሲሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቃል። የእናንተ ሥራ ፍሪጁ ላይ ነው። ከ8 ቁጥር አጠገብ በአማርኛ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ደም በሚወሰድበት ቀን የጠዋቱ ኪኒን ከደሙ በኋላ ስለሚዋጥ፣ እሱንም ጻፉት። የንቅለ ተከላ ቡድኑን ስልክ ከታች ጨምሩበት፤ ኪኒን ሲረሳ ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም፣ መደወል ነው።