«አንተ» ብለን ስለምንጠራው

ብዙዎቻችን በልጅነታችን ጸሎት የተማርነው ቆመን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ የታወቀውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናሳስት በመድገም ነው። ይህ መልካም ትምህርት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ አንድ ችግር ያጋጥመናል፤ ይኸውም የአፋችንና የልባችን መለያየት ነው። አፍ ያመሰግናል፤ ልብ ግን ይቈጣል ወይም ይጠራጠራል። አንዳንዱ ይህን በራሱ ላይ ባየ ጊዜ ግብዝ ከምሆን ብሎ ጸሎትን ጨርሶ ይተዋል። ሌላው ሳያስበው መድገሙን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ያለንበትን ሁኔታ እንዳለ ለእግዚአብሔር መናገር ነው።

ባለፈው ዓመት በፈተና ሳምንት እናቴ በጠና መታመሟን ሰማሁ። ሌሊት በመኝታ ቤታችን ጥግ ተንበርክኬ «አባታችን ሆይ»ን ሦስት ጊዜ ደገምሁ፤ አንዱም ቃል ልቤ አልደረሰም። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ተቈጥቼብሃለሁ፤ ልለምንህም አልፈልግም» አልሁ። ወዲያውም ደነገጥሁ። ይህ ጸሎት ነውን ወይስ ድፍረት? ይህን ጥያቄ ይዤ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንደ ገና መመልከት ጀመርሁ።

በእኛ ዳዊት ካሉት 151 መዝሙራት ውስጥ ብዙዎቹ አቤቱታና ልቅሶ ናቸው። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች በፍጻሜያቸው ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ 87ኛው (በዕብራይስጡ ቍጥር 88ኛው) ግን በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል። አባቶች ግን ከመጽሐፉ አላወጡትም፤ ተማሪው ከሌሎቹ ጋር እንዲያጠናው አደረጉ እንጂ። ኢዮብ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟገተ። እግዚአብሔርም እርሱን በጥያቄ አፋጠጠው፤ ነገር ግን ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቈጣው እግዚአብሔርን በሚያምር ቃል ይከላከሉ በነበሩት በወዳጆቹ ላይ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን፤ ሐና ግን ምንም ሳትጠጣ የሆዷን ሁሉ ስላፈሰሰች ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ጌታችንም ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ በመስቀል ላይም የ21ኛውን መዝሙር መክፈቻ ጮኾ ተናገረ።

በቅርብ ዘመንም ይህን መንገድ የተከተሉ አሉ። ፈረንሳዊው ካህን ሚሼል ኳስት በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጸሎት መጽሐፍ ስለ ገንዘብ ኖት፣ ስለ ስልክና ስለ እግር ኳስ ሳይቀር ጸለየ። አሜሪካዊው ካህን ማልኮልም ቦይድም በ1965 እ.ኤ.አ. «ኢየሱስ ሆይ፣ ከእኔ ጋር ትሮጣለህን?» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ተራ ሰው በመንገድ ላይ በሚናገረው ቋንቋ ጸሎት ጻፈ።

«ታዲያ አክብሮት የት ቀረ?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከገዛ ቋንቋችን እናገኛለን። መምህራችንን «እርስዎ» እንላለን፤ የሠራዊት ጌታ የሆነውን አምላክ ግን «አንተ» እንለዋለን። ይህ ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው። ለሰው ስንናገር ሰምና ወርቅ እናበጃለን፤ ልብን ለሚያውቅ ግን ሰሙ ምን ይረባዋል?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልትጸልዩ ስትቆሙ ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን ተናገሩ። መጸለይ ካስጠላችሁ መሰልቸታችሁን ንገሩት፤ ከተጠራጠራችሁም ጥርጣሬያችሁን ንገሩት። ደግሞም አቤቱታውን ከበስተ ኋላው አታጕረምርሙ፤ በፊቱ አቅርቡት። ኢዮብን ከሚያጕረመርም ሰው የሚለየው ይህ ነውና። ከተናገራችሁም በኋላ ጥቂት ጊዜ ዝም በሉ። የተማራችሁትንም ጸሎት አትጣሉ፤ የራሳችን ቃል በሚያልቅብን ቀን የአባቶች ቃል ይደግፈናል።

እናቴ እስከ ዛሬ አልዳነችም። እኔም ስለዚህ ነገር አንዳንድ ሌሊት እቈጣለሁ፤ ነገር ግን ቍጣዬን የምነግረው ለእርሱ ስለ ሆነ ከጸሎት አልወጣሁም።