አቦል የተባለችው ሩቅ ፕላኔት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሰማይ ነው። ከእኛ እጅግ ርቃ የምትገኝ አንዲት ፕላኔት አለች። ስሟ አቦል ይባላል። አዎን፣ የቡናው አቦል! ይህ ስም እንዴት ወጣላት? እንዴትስ ተገኘች? ወደዚያ መሄድ ይቻላል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን። አትቸኩሉ። አዲስ ቃል ሲመጣ ቆም ብለን ትርጉሙን እንናገራለን። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ።

ፕላኔት ምን ማለት ነው?

ማታ ከደጅ ወጥተን ወደ ሰማይ ቀና ስንል ብዙ የብርሃን ነጥቦች እናያለን። አብዛኞቹ ከዋክብት ናቸው። ኮከብ ማለት ፀሐይ ማለት ነው። የእኛም ፀሐይ ኮከብ ናት። ትልቅና ደማቅ ሆና የምትታየን ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ ስለሆነች ነው።

ኮከብ የራሱ ብርሃንና ሙቀት አለው። ፕላኔት ግን እንደ ኮከብ አታበራም። በኮከቧ ዙሪያ ትዞራለች፤ ብርሃንም ከእሱ ትቀበላለች። የምንኖርባት ምድር ፕላኔት ናት። በፀሐያችን ዙሪያ የሚዞሩ 8 ፕላኔቶች አሉ። ከእነሱ ሁሉ ትልቋ ጁፒተር ትባላለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሌሎቹ ፀሐዮችስ ፕላኔት አላቸው ወይ? ሰዎች ይህን ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠይቀዋል። ይኖራቸዋል ብለው የገመቱም ነበሩ። ግምት ግን ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃው በ1995 ተገኘ። ሚሼል ማዮር እና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ ካለ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሆነው ሲመረምሩ፣ ፀሐያችንን በመሰለ በአንድ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት አገኙ። ይህቺ ፕላኔት ኮከቧን ዞራ የምትጨርሰው በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። ምድራችን ፀሐይን ለመዞር 365 ቀን ይፈጅባታል። እንዲህ የምትፈጥን ትልቅ ፕላኔት ትኖራለች ብሎ የጠበቀ ጥቂት ሰው ነበር። በ2019 ሁለቱም በዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ያልታየችው እንዴት ተገኘች?

ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች ፕላኔቷን በዓይናቸው አላዩዋትም። ኮከቡ በጣም ስለሚያበራ በአጠገቡ ያለችው ፕላኔት ተሸፍና ትቀራለች። ታዲያ እንዴት አወቁ? ብርሃኑን አነበቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባት የልጁን ሁለት እጆች ይዞ ሲያሽከረክረው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚዞረው ልጁ ነው። ነገር ግን አባትየውም ዝም ብሎ አይቆምም፤ በመጠኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጁን ባናይ እንኳ የአባትየውን መወዛወዝ አይተን «አንድ ነገር ይዟል» እንላለን። ኮከብም ፕላኔት ስትዞረው በጥቂቱ ይወዛወዛል።

ይህን መወዛወዝ ከብርሃኑ ላይ ማንበብ ይቻላል። የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ቀስተ ደመና ይሆናል። ተመራማሪዎችም የኮከብን ብርሃን በመሣሪያ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጉታል። በላዩ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው ቀለም፣ ከእኛ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ቀለም ጥቂት ይንሸራተታሉ። እነዚያ መስመሮች ለተመራማሪው እንደ ፊደል ናቸው። ፊደሉን የማያውቅ መስመር ብቻ ያያል። የሚያውቅ ግን «እዚህ ፕላኔት አለች፤ ክብደቷ ቢያንስ ይህን ያህል ነው፤ ዓመቷም ይህን ያህል ቀን ነው» ብሎ ያነባል።

ሁለተኛም ዘዴ አለ። በኩራዝ ፊት የእሳት ራት ስታልፍ ብርሃኑ ለአፍታ ቀነስ ይላል። ፕላኔትም በኮከቧና በእኛ መካከል ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ፣ ማለትም ሩቁን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ፣ በ2009 ወደ ኅዋ ተልኮ ነበር። ሥራው እስካበቃበት እስከ 2018 ድረስ በሰበሰበው መረጃ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች በዚህ ዘዴ ታውቀዋል።

ዛሬ በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ የታወቁት ፕላኔቶች ቁጥር ከ6,000 አልፏል። በ1990 ቢሆን ኖሮ አንድም በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

ቡና እና አቦል

አሁን ወደ እኛዋ እንምጣ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በ2019 ማለትም በ2012 ዓ.ም.፣ ከ100 ለሚበልጡ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡላቸው አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና» ተባለ። በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለች። ቡና ሲፈላ መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል አይደል? ቀጥሎ ቶና፣ ከዚያም በረካ ይመጣል። ስሙ ከቤታችን ወጥቶ ሰማይ ላይ ዋለ።

ቡና የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባሉት ከዋክብት መካከል ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ኮከቡ ደብዛዛ ስለሆነ በባዶ ዓይን አይታይም። ሩቅ በሚያሳይ መነጽር ግን ይታያል።

አቦል በ2009 የተገኘች ፕላኔት ናት። ክብደቷ ከምድራችን ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። እንደ ጁፒተር በጋዝ የተሞላች ስለሆነች እግር የሚረገጥበት መሬት የላትም። ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል።

ምን ያህል ትርቃለች?

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ትልቁን ነገር ለማስረዳት በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ፈልግ። እስቲ ወደ ጓዳችን እንግባ።

አንድ ጎላ ያለ ብርቱካን አምጡ። ይህ ፀሐይ ይሁን። አሁን አንዲት የጤፍ ፍሬ አንሡ። እሷ ምድር ትሁን። ከብርቱካኑ 9 ሜትር ያህል ርቃችሁ አስቀምጧት። ጁፒተር ሽምብራ ታክላለች፤ ቦታዋም ወደ 48 ሜትር ርቆ ነው። ጨረቃስ? ከጤፏ ፍሬ የምትርቀው በአንድ አውራ ጣት ስፋት ነው። የሰው ልጅ በ1969 ጨረቃን ረገጠ። ከምድር ርቆ የረገጠው ሩቁ ቦታ እስካሁን እሱ ነው፤ አንድ አውራ ጣት!

ቀጣዩ ፀሐይስ የት ነው? ብርቱካኑ አዲስ አበባ ቢሆን፣ ለፀሐያችን ከሁሉ የሚቀርበው ፕሮክሲማ የተባለው ኮከብ ካይሮ ላይ ይሆናል። ወደ አቦል ለመድረስ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥተን የምድርን ዙሪያ ሦስት ጊዜ ያህል መዞር አለብን።

እንዲህ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር መቁጠር ስለሚያስቸግር ተመራማሪዎች «የብርሃን ዓመት» ይላሉ። ይህም ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከፕሮክሲማ ለመድረስ 4 ዓመት ከጥቂት ወር ይፈጃል። ከቡና ለመድረስ ግን 196 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ማታ በመነጽር የሚታየው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና አልነገሡም ነበር።

መሄድ እንችላለን ወይ?

ቮየጀር 1 የተባለችው ሰው አልባ መንኮራኩር የተነሣችው ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትከንፋለች። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለውን መንገድ በ6 ሴኮንድ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት ተጉዛ ግን የደረሰችው ብርሃን በአንድ ቀን ገደማ ከሚደርስበት ቦታ ነው።

በዚህ ፍጥነት ወደ ፕሮክሲማ ብታቀና 75,000 ዓመት ያህል ያስፈልጋታል። ወደ አቦል ብታቀና ከ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ዓመት ያላነሰ ይፈጅባታል። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የምንላት የሰው ዘር ቅድመ አያት የኖረችው ከዛሬ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት በፊት ነው። ቮየጀር በእሷ ዘመን ተነሥታ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አቦል አትደርስም ነበር።

ፍጥነቱን ለምን አይጨምሩትም? ትሉ ይሆናል። ችግሩ ነዳጁ ነው። የመንገዷን ድርቆሽ ሁሉ በጀርባዋ የተሸከመች በቅሎ አስቡ። መንገዱ ሲረዝም ድርቆሹ ይበዛል፤ ድርቆሹ ሲበዛ በቅሎዋ መራመድ ያቅታታል። ሮኬትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አንዳንዶች ነዳጅ የማትሸከም መንኮራኩር አስበዋል። በ2016 ዩሪ ሚልነር የተባለ ባለሀብትና ስቴፈን ሆኪንግ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ አንድ ሐሳብ ይፋ አድርገው ነበር። ጥቂት ግራም ብቻ የምትመዝን መንኮራኩር ስስ ሸራ ይደረግላታል፤ ከምድር በሚላክ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃንም ትገፋለች። እንደ ሐሳቡ ከሆነ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አምስተኛ ታገኛለች፤ ፕሮክሲማም በ20 ዓመት ከጥቂት ትደርሳለች። በፕሮክሲማ ዙሪያ የምትዞር፣ ክብደቷ ለምድር የሚቀርብ ፕላኔት በዚያው በ2016 ተገኝታለች። ይህች መንኮራኩር ግን እስካሁን አልተሠራችም። ሰው የሚጭን ነገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ሩቅ ነው። ስለዚህ «በቅርቡ ወደ ሌላ ፀሐይ እንሄዳለን» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ብርቱካኑንና ካይሮን አስታውሱት።

ለእኛስ ምን ይረባናል?

በማስተምርበት የማታ ክፍል አንዲት እናት ይህንኑ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ኮከቡስ ይሁን፤ ለጤፍ ዋጋ ምን ይፈይዳል?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። «እውነትዎን ነው እማማ፤ ጎተራ አይሞላም» አልኳቸው።

ሆኖም ሁለት ነገር ነገርኳቸው። አንደኛው ይህ ነው። ሰማይን ለመመርመር የተሠራ መሣሪያ ተመልሶ ቤታችን ይገባል። በእጅ ስልካችን ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ቁራጭ የመጣው በ1990ዎቹ ለመንኮራኩር የምትሆን ትንሽ ካሜራ ለመሥራት ከተደረገ ምርምር ነው። ልጃቸው ከሩቅ አገር የሚልክላቸው ፎቶግራፍ የሚነሣው በዚያ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ስለ ምድራችን ነው። እስካሁን ከታወቁት ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች ውስጥ ሕይወት እንዳለባት የተረጋገጠ አንዲትም የለችም። ቢኖርም መሄጃው ሩቅ ነው። እንግዲህ አፈራችን ቢታጠብ፣ ምንጫችን ቢደርቅ፣ ጓዛችንን ጠቅልለን የምንሰደድበት ሌላ ዓለም የለንም። ያቺ የጤፍ ፍሬ ናት ያለችን። እርከን የሚሠራ ገበሬና ሰማይ የሚመረምር ሊቅ ሁለቱም ስለ አንዲት ምድር ይደክማሉ።

እኚህ እናት ጥቂት አሰቡና «እሷን መጠበቅ ነዋ!» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ «እኔስ የት እንዳለሁ ማወቄ ደስ አለኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ሰው አቦልን ያወቀው ሄዶ አይደለም፤ አንብቦ ነው። እግር የማይደርስበት ቦታ ንባብ ይደርሳል። እናንተም ፊደሉን ይዛችኋል።

መልመጃ

1. እነዚህን ቃላት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ኮከብ፣ ፕላኔት፣ የብርሃን ዓመት፣ መንኮራኩር።
2. ኮከብና ፕላኔት በምን ይለያያሉ?
3. ብርቱካንና የጤፍ ፍሬ ወስዳችሁ 9 ሜትሩን ከልጆቻችሁ ጋር ለኩ። ጨረቃን የት ታደርጓታላችሁ?

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና እደሩ!