የሥራ ውላችን በጽሑፍ ይሁን



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ዛሬ ሥራ በኢንተርኔትም ይገኛል። አፕወርክ የሚባለው የሥራ መድረክ ሠሪንና አሠሪን ያገናኛል። አንዷ አዲስ አበባ ሆና ጽሑፍ ትተረጉማለች እንበል፤ አሠሪዋ ባሕር ማዶ ነው። አይተያዩም። ታዲያ ክርክር ቢነሣ ምስክሩ ማነው? ጽሑፉ ነው!

ዋጋው በቁርጥ ሲሆን፣ አሠሪው ገንዘቡን አስቀድሞ በመድረኩ በአደራ ያስቀምጣል። ሠራተኛዋም ሥራውን እዚያው ታስረክባለች። አሠሪው ምንም መልስ ሳይሰጥ 14 ቀን ካለፈ ገንዘቡ ይለቀቅላታል። በቴሌግራም ብቻ ከላከችው ግን ቀኑ አይቆጠርላትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ የሥራውን ዓይነት፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን እንጻፍ።

ሁለተኛ፦ በስልክ ከተነጋገርን፣ ወዲያው «እንዲህ ተስማምተናል» ብለን በመድረኩ እንላክ፤ መልሱንም እንጠብቅ።

ሦስተኛ፦ መልእክቱን አናጥፋ።

በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተጻፈ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንደማያጣ ደንግጓል።

ፊደል የቆጠረ ሰው የላቡን ዋጋ በጽሑፍ ይጠብቅ። ደህና ሁኑ።