በሁለት ጾም መካከል አርባ ቀን፦ የአጋዘን አደን በዋሽንግተን ዙሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ — በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር አብዛኞቻችን አጋዘንን የምናውቀው በመኪና መብራት ነው። በተለይ በኖቬምበር፣ ወንዱ ሴቷን በሚያሳድድበት ወር፣ ሌሊት ታክሲ የሚያሽከረክር ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ዳር አይነቅልም። ባሌ ወይም አርሲ ከአባቱ ጋር አደን ወጥቶ ያደገ ወገናችን ግን ያንኑ እንስሳ ሲያይ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው።

(በነገራችን ላይ “አጋዘን” የምንለው በልማድ ነው። የአገራችን አጋዘንና ድኩላ ቀንዳቸው የዕድሜ ልክ ነው፤ የዚህ አገሩ ወንድ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። እዚህ ያለው ነጭ ጭራው ሲሆን ጥቁር ጭራ የተባለው ዘመዱ በፓስፊክ ጠረፍ በኩል ነው የሚገኘው።)

ለኦርቶዶክሳዊው አዳኝ ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዋናው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሲሆን ሁለት ሳምንት ይቆያል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በጾም አድኖ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ሆኖም በጾም ቢላዋ ማንሳት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ገና አልፎ ጾሙ ሲፈታ ሜሪላንድ ውስጥ የቀረው በዋናነት የቀስት አደን ነው፤ እሱም ጃንዋሪ 31 ይዘጋል።

የቨርጂኒያው በር ሰፋ ይላል። ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ በፌርፋክስ ካውንቲ አጋዘኑ ከመጠን በላይ ስለበዛ በግል መሬት፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ቀንድ የሌለውን ማደን እስከ ማርች መጨረሻ ይፈቀዳል። ሰው በሰፈረበት ክፍል ጠመንጃ መተኮስ በሕግ ስለተገደበ ብዙው የሚያድነው በቀስት ነው። ግን ሁዳዴም አለ! እ.ኤ.አ. በ2026 ገና ጃንዋሪ 7፣ የሁዳዴ መግቢያ ፌብሩዋሪ 16 ነው። በመካከሉ ያለው ልክ 40 ቀን ነው፤ የነነዌን ሦስት ቀን ስትቀንሱ ደግሞ 37።

ይህም ቢሆን ሥራ ለሌለው ሰው ነው። እሑድ ማደን በቨርጂኒያ ለረጅም ዘመን ክልክል ነበር፤ በ2014 በግል መሬት፣ በ2022 በሕዝብ መሬት ተፈቀደ። ከቤተ አምልኮ 200 ያርድ ሳይርቁ በእሑድ ማደን ግን ዛሬም አይቻልም። ቅዳሴ የማይቀር ሰው እሑድን ሲተው የሚቀረው የሥራ ቀን ነው፤ በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ ከ11 ሰዓት ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ሥራ የሚጨርስ ሰው ከጉዞው የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ከጧቱ ይልቅ ማምሻውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በጥር አጋዘኑ ከፍትወቱ ወራት ድካም አላገገመም፤ ብርዱም ያስርበዋል። የባሉጥ ፍሬ ባለበት፣ ፀሐይ በምትመታው ወደ ደቡብ ባዘነበለ ተዳፋት ይውልና ማምሻውን ለግጦሽ ይነሳል። ቅጠሉ ስለረገፈ ከሩቅ ያያችኋል። ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ ጀርባን ለትልቅ ግንድ ሰጥቶ አለመነቃነቅ ነው። የባሌው አዳኝ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ የአደን ትምህርት የምስክር ወረቀትና ፈቃድ ግን ያስፈልጉታል።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። በጥር የምትመታው ሴት አብዛኛውን ጊዜ እርጉዝ ናት፤ በኖቬምበር ተጠቅታ የምትወልደው ከሜይ ጀምሮ ነው። መንግሥት ደግሞ ቁጥሩን የሚቀንሰው በሴቷ ስለሆነ የሚፈልገው እሷን ነው። ይህን አውቆ ቀስቱን የሚያስቀምጥ ሰው አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ የእምነቱ ጉዳይ ይመጣል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል፤ ግን በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ በእኛ ዘንድ አይበላም። ነፍሱ ሳትወጣ የደረሰ ያርዳል፤ ያልደረሰ ሥጋውን ይሰጣል። ሙስሊሙ ወንድማችን ሲተኩስ ቢስሚላህ ብሏልና በዚህ በኩል ይቀለዋል።

ክትፎና ቁርጥ ግን ለማንም አይሆንም። የአጋዘን ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማን የመሰሉ ጥገኛ ተሕዋስያንና ባክቴሪያ ያስተላልፋል። አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለው የአንጎል በሽታም ቨርጂኒያ ውስጥ በ2009፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ2011 ተገኝቷል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልታየም፤ ሆኖም እሳት አይገድለውም፤ የሲዲሲ ምክርም የታመመውን አትብሉ የሚል ነው። ያደኑትን አስመርምሮ ውጤቱን መጠበቅ ነው፤ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል። የማይበላው ደግሞ በቨርጂኒያ “ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ” ለተባለው ድርጅት ይስጠው፤ አጋዘኑን በሙሉ ለሚሰጥ አዳኝ የመበለቻውን ዋጋ ድርጅቱ ይችላል፤ ሥጋው ለተቸገሩ ይከፋፈላል።